የ6ጂ ምርምር፦ ቴራኸርዝ ወዴት ሄደ? ሁሉም ወደ 7 ጊጋኸርዝ ለምን ዞረ?

ሞገድ ተማሪ
ሰላም ለሁላችሁም። በገመድ አልባ ግንኙነት ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው፤ የመመረቂያ ርዕስ የምመርጥበት ጊዜ ደርሷል። በ2019 እና በ2020 አካባቢ የወጡትን ጽሑፎች ሳነብ ስድስተኛው ትውልድ (6ጂ) ማለት ቴራኸርዝ (አንዱ 1,000 ጊጋኸርዝ ነው) ማለት ነበር። በሰከንድ አንድ ቴራቢት፣ ሆሎግራም፣ ያልተባለ ነገር የለም። አሁን የኩባንያዎቹን ሰነዶች ስከፍት ወሬው ሁሉ 7 ጊጋኸርዝ ሆኖብኛል። ቴራኸርዝ በአንድ አንቀጽ ታልፎ ይሄዳል። አማካሪዬ ምርጫውን ለእኔ ትተውልኛል። ዘርፉ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል። መልሱ ቢረዝም ግድ የለም፤ ቁጭ ብዬ ነው የማነበው።

ጋሽ አንቴና
ልጄ፣ ደህና ጥያቄ ነው ያነሳሽው። ከፊዚክሱ እንጀምር።

በ3.5 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 8.6 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በ7 ጊጋኸርዝ ግማሽ ይሆናል፤ 4.3። የአንቴና ኤሌመንቶች (ፓነሉ ላይ ያሉት ትንንሽ አንቴናዎች) የሚደረደሩት በግማሽ የሞገድ ርዝመት ልዩነት ስለሆነ፣ ስፋቱ ባልተለወጠ ፓነል ላይ አራት እጥፍ ኤሌመንት ይገባል ማለት ነው። በ3.5 ላይ 192 ኤሌመንት የያዘ ፓነል በ7 ላይ 768 ይይዛል። ፍሪኩዌንሲው እጥፍ ሲሆን በአየር ላይ የምናጣው በ6 ዴሲቤል (አራት እጥፍ ገደማ) ይጨምራል። ኤሌመንቱ አራት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፓነሉ አተኩሮ የሚልከው በ6 ዴሲቤል ያድጋል። ተካካሱ። ስለዚህ ዛሬ በቆመው ማማ ላይ፣ በዚያው ከፍታ፣ በዚያው ስፋት፣ ቢያንስ ከቤት ውጭ የዛሬውን ሽፋን መድገም ይቻላል። ኦፕሬተሮች ወደ 7 ጊጋኸርዝ ያዘነበሉት በዚህ ምክንያት ነው። ማማ መጨመር ሳያስፈልግ ሰፊ ባንድዊድዝ (ዳታ የሚያልፍበት የፍሪኩዌንሲ ስፋት) ይገኛል።

በነፃ የሚገኝ ነገር ግን አይደለም። ግድግዳና መስታወት 7 ጊጋኸርዝን ከ3.5 የበለጠ ይይዙታል። ጨረሩ እየጠበበ ስለሚሄድም ስልኩ የት እንዳለ በትክክል ማወቅ የግድ ነው። ቶማስ ማርዜታ በ2010 የብዙ አንቴናዎችን ሐሳብ ሲያቀርብ ዋናው ራስ ምታት የቻናሉን፣ ማለትም ሞገዱ በአንቴናውና በስልኩ መካከል የሚያልፍበትን መንገድ፣ መረጃ ማግኘት ነበር። ዛሬም እሱው ነው፤ ኤሌመንቱ ሲበዛ ብሷል።

ወደ ቴራኸርዝ ልመለስ። እዚያ ለመድረስ ገና መንገድ ላይ ያለውን 140 ጊጋኸርዝ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስንለካ የሚሆነውን ልንገርሽ። ሁለት የቀንድ አንቴናዎች በሌዘር ተስተካክለው ፊት ለፊት ይቆማሉ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንድ ሰው በመሃል ሲያልፍ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሰውየው ሲወጣ ይመለሳል። የአንዱን አንቴና መያዣ ብሎን ትንሽ ስታዞሪው ከሲግናሉ ብዙው ይጠፋል። እኛ ሌዘርና ብሎን አለን። ሰው በኪሱ ይዞት የሚሄደው ስልክ ግን በየቅጽበቱ ይዞራል፣ በእጅ ይሸፈናል፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። በትንሽ አንቴና ከታየ ከ3.5 ወደ 140 መውጣት ብቻውን 32 ዴሲቤል ያስከፍላል። 1,600 እጥፍ ነው! በዚያ ላይ የኃይል ማጉያዎቹ በእነዚህ ፍሪኩዌንሲዎች ብዙ ኤሌክትሪክ በልተው ጥቂት ሞገድ ነው የሚያወጡት።

ሞቷል እያልኩሽ አይደለም። በ2021 ኤልጂ ከጀርመኑ ፍራውንሆፈር ጋር ሆኖ በርሊን ውስጥ ከ155 እስከ 175 ጊጋኸርዝ ባለው ክልል ከቤት ውጭ 100 ሜትር ልኳል። ማማን ከማማ ለማገናኘት፣ በዳታ ማዕከል ውስጥ ኬብል ለመተካት፣ እጅግ ቅርብ ለሆነ ግንኙነት ቦታ አለው። ለሰው ስልክ ዋናው መንገድ እንዲሆን መጠበቁ ነው የቀረው።

ስፔክትረም ተከታታይ
ጋሽ አንቴና በደንብ አስረድተዋል። እኔ የሕጉን ጎን ልጨምር። በ2023 መጨረሻ ዱባይ በተካሄደው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ለ2027ቱ ጉባኤ እንዲጠኑ የተመረጡት ባንዶች ሦስት ናቸው፦ ከ4.4 እስከ 4.8፣ ከ7.125 እስከ 8.4፣ ከ14.8 እስከ 15.35 ጊጋኸርዝ። የ2027ቱ ጉባኤ ሻንጋይ ላይ ይካሄዳል። አንድም ቴራኸርዝ የለበትም። ምርምሩን ወደ መሬት ያወረደው አንዱ ይኸው ነው፤ ኩባንያ ፈቃድ ሊያገኝበት በማይችለው ባንድ ላይ ገንዘቡን አያፈስም።

ደግሞ 7 ጊጋኸርዝ ባዶ ቦታ አይደለም። የማይክሮዌቭ ማገናኛዎች፣ ሳተላይቶች፣ በብዙ አገሮች የወታደር መገናኛዎች አሉበት። ነባሩን ሳይረብሹ አብሮ መኖር እንዴት ይቻላል የሚለው ራሱን የቻለ የመመረቂያ ርዕስ ነው።

ሞገድ ተማሪ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለ2030 ባወጣው ማዕቀፍ ላይ በሰከንድ እስከ 200 ጊጋቢት የሚል ቁጥር አይቻለሁ። በ7 ጊጋኸርዝ ይህን ማን ያመጣዋል?

ማማ ላይ
እህቴ፣ እሱን ቁጥር እኔ ልመልስልሽ፤ ኔትወርክ ላይ ነው የምሠራው፤ ነገሩ ያንገበግበኛል።

በኅዳር 2023 የጸደቀው ማዕቀፍ 50፣ 100፣ 200 ጊጋቢት የሚሉትን ለከፍተኛው ፍጥነት በምሳሌነት ነው ያስቀመጠው። ተጠቃሚው በተግባር የሚያገኘው ተብሎ የተጻፈው ግን 300 እና 500 ሜጋቢት ነው። አምስተኛው ትውልድ ሲመጣም 20 ጊጋቢት ተብሎ ነበር፤ ከጎኑ ለተጠቃሚው 100 ሜጋቢት ተጽፏል። ማስታወቂያ ላይ የወጣው የትኛው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ስልኩን ገዝቶ ያንን ቁጥር ሲያጣ ጥያቄውን ይዞ የሚመጣው እኛ ጋር ነው።

ሰነዱን ደግመሽ ስታነቢ አንድ ነገር ልብ በይ። ለፍጥነት ቁጥር አለ። ለመዘግየት ከ0.1 እስከ 1 ሚሊ ሰከንድ የሚል ቁጥር አለ። ቦታን ለይቶ ለማወቅ ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር ተብሏል። ለኃይል ቁጠባ ግን ቁጥር የለም። ለሽፋንም የለም። ዘላቂነት፣ ያልተገናኙትን ማገናኘት የሚሉ ጥሩ ጥሩ ቃላት አሉ፤ መለኪያቸው ግን ክፍት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የስድስተኛው ትውልድ ትልቁ ሥራ ያለው ቁጥር ባልተጻፈባቸው ቦታዎች ነው። ቁጥር የሌለው ነገር ስብሰባ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይሽ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ቤዝ ስቴሽን (ከስልኮች ጋር የሚገናኘውን የማማ ጣቢያ) ውሰጂ። ተጠቃሚ የለም ማለት ይቻላል። የአራተኛው ትውልድ ጣቢያ ያኔም ቢሆን በየአንድ ሚሊ ሰከንዱ ማጣቀሻ ሲግናሉን ይልካል። የሚሰማው ባይኖርም ይልካል። ስለዚህ የኃይል ማጉያው እንቅልፍ አይወስደውም፤ ሊያሸልብ ሲል ይቀሰቀሳል። አምስተኛው ትውልድ ይህን አሻሻለው። ስልኮች ኔትወርክ ሲፈልጉ የሚጠብቁት ሲግናል በመደበኛው በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ነው የሚመጣው። ትልቅ ለውጥ ነው። ግን በ20 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ጥልቅ እንቅልፍ የለም፤ ብዙው የሬዲዮ ክፍል ሞቆ ይቆያል። አሁን ጥናት ላይ ያለው ይህን ጊዜ በጣም ማራዘም፣ ወይም ጣቢያው ሲጠየቅ ብቻ እንዲልክ ማድረግ ነው። የኔትወርክ ኤሌክትሪክ አብዛኛው የሚያልቀው ቤዝ ስቴሽኖች ላይ ነው። እዚህ ላይ የሚገኝ ቁጠባ በጄኔሬተርና በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ጣቢያ ለማቆም ያስችላል፤ ኔትወርክ የሌለው አካባቢ ኔትወርክ የሚያገኘው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሌላው ምሬቴ አምስተኛው ትውልድ በአራተኛው ላይ ተንጠላጥሎ መጀመሩ ነው። ለመፍጠን ሲባል ብዙ አማራጭ አወቃቀር ተፈቀደ። ብዙ ኔትወርክ ዓመታት አልፈውም ከአራተኛው ኮር (የኔትወርኩ ማዕከል) አልተላቀቀም። አሁን ስድስተኛው ራሱን ችሎ አንድ ወጥ ሆኖ ይጀምር የሚለው ሐሳብ ሚዛን እየደፋ ነው። እውነት ይሁን!

ራዳር ወዳድ
ስለ ፍጥነትና ስለ ኃይል ብቻ ስታወሩ አዲሱን ነገር ዘለላችሁት። መገናኛና መመልከቻ በአንድ ላይ! ያው ሞገድ መልእክት እያደረሰ ከነገሮች ላይ ነጥሮ ሲመለስ ኔትወርኩ አካባቢውን ያያል። ከማዕቀፉ ስድስት የአጠቃቀም ዓይነቶች አንዱ ይህ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሁለት ነገሮችን ለይቶ የማየት አቅም የብርሃን ፍጥነት ሲካፈል ለባንድዊድዙ እጥፍ ነው። 100 ሜጋኸርዝ ካለሽ 1.5 ሜትር ይመጣል። 400 ካለሽ ወደ 37 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ድሮን ለመለየት፣ ባቡር ሐዲድ ላይ የወደቀ ነገር ለማየት ይበቃል።

ከባዱ ነገር መስማቱ ነው። 150 ሜትር ላይ ካለ ነገር የሚመለሰው ማሚቶ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት ጣቢያው ራሱ ገና እየላከ ነው። እየጮኹ ከሩቅ ሹክሹክታ ለመስማት እንደመሞከር ነው። ማሚቶው ደግሞ በርቀቱ አራተኛ ኃይል ይዳከማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ 16 ጊዜ ያንሳል። ለዚህ ነው ብዙ ተመራማሪዎች አንዱ ጣቢያ ልኮ ሌላው እንዲሰማ ወደማድረግ ያዘነበሉት። ያን ጊዜ የሁለቱ ሰዓት እጅግ በትክክል መናበብ አለበት። አንድ ናኖ ሰከንድ ስህተት 30 ሴንቲሜትር ነው።

ቃልኪዳን
ራዳር ወዳድ፣ ቴክኒኩ ግሩም ነው፤ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እስከ ዛሬ ኔትወርክ የሚያውቀኝ ስልክ ስይዝ ነው። ስልኬን ባጠፋ ከዓይኑ እወጣለሁ። አንተ የምትለው ኔትወርክ ስልክ ያልያዘውንም ሰው ያያል። ያ ሰው ደንበኛ አይደለም፣ ውል አልፈረመም። ፈቃዱን የሚሰጠው በየት በኩል ነው?

ራዳር ወዳድ
ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ጥሩ መልስ የተሰጠበትም አይመስለኝም። በእኔ እምነት መፍትሔው ከሕግ ብቻ አይመጣም። ጥሬው መረጃ ከጣቢያው እንዳይወጣ፣ የሚላከው «ሐዲዱ ላይ ነገር አለ» የሚለው ውጤት ብቻ እንዲሆን ከስታንዳርዱ ጀምሮ መገደብ አለበት። ከተሠራ በኋላ እንጨምርበታለን ማለት አያዋጣም።

ቃልኪዳን
ማን መጠየቅ እንደሚችልም መወሰን አለበት። ውጤቱን የሚገዛው የባቡር ድርጅት ሲሆንና የሰዎችን እንቅስቃሴ መከታተል የፈለገ አካል ሲሆን አንድ አይደለም። ይህን በስታንዳርዱ ውስጥ ካላየሁት እኔ በበኩሌ አልደግፈውም።

ንብርብር
በሰው ሠራሽ አስተውሎት በኩል ያለውን ጥቂት ልበል። በ2017 ኦሼ እና ሆይዲስ የላኪውንና የተቀባዩን ሥራ በአንድ ላይ የሚማር የነርቭ መረብ ካሳዩ ወዲህ ዘርፉ ጎርፏል። ዛሬ በጣም የሚያጓጓኝ የነርቭ ተቀባይ ነው። በተለመደው መንገድ ቻናሉን ለማወቅ ፓይለት የሚባሉ የታወቁ ምልክቶች ይላካሉ፤ እነሱ የያዙት ቦታ ከዳታው ላይ የተቀነሰ ነው። የተማረ ተቀባይ በጥቂት ፓይለት፣ አንዳንዴም ያለ ፓይለት፣ መልእክቱን መፍታት ይችላል። ያ ቦታ ለዳታ ይተርፋል ማለት ነው።

ጋሽ አንቴና
ንብርብር፣ ወንድሜ፣ በየትኛው ቻናል ላይ የተማረ? ጽሑፎቹ ውስጥ የሚለማመደውም የሚፈተነውም ከአንድ የማስመሰያ ሞዴል በወጣ ዳታ ነው። ረጃጅም ሕንፃዎች መሃል የተማረውን ሐይቅ ዳር ስታቆመው ምን ይሆናል? እኔ ውጤት የምለው ካልተማረበት ቦታ ላይ የተለካውን ነው።

ንብርብር
ልክ ነዎት ጋሼ፤ ትልቁ ክፍተት ያ ነው። ሌላም አለ። ስልኩ የቻናሉን መረጃ በነርቭ መረብ ጨምቆ ልኮ ጣቢያው በሌላ መረብ የሚፈታው ከሆነ፣ ሁለቱ ከተለያዩ አምራቾች ሲሆኑ እንዴት ይግባባሉ? ሞዴሉን ለሌላው ማሳየት የሚፈልግ አምራች የለም። የሞባይል ስታንዳርዶችን የሚያወጣው 3ጂፒፒ ይህን ከሪሊዝ 18 (ከስታንዳርዱ 18ኛ እትም) ጀምሮ እያጠና ነው፤ ቀላል ሆኖ አልተገኘም። በአንድ ወገን ብቻ የሚቀመጠው፣ ማለትም ተቀባዩ ውስጥ ያለው፣ ቶሎ ወደ ሥራ የሚገባ ይመስለኛል። ስታንዳርድ እንኳ አይጠይቅም።

ምህዋር
ሳተላይቱንስ? ሪሊዝ 17 ላይ ከገባ ወዲህ በአምስተኛው ትውልድ ውስጥ አለ፤ ግን በኋላ የተቀጠለ ነው። 550 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሳተላይት ጋ ሞገዱ ከ2 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፤ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ላለው 119 ይፈጅበታል። ቅርቡ ግን በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል፤ ፍሪኩዌንሲው ይንሸራተታል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ከአድማስ ይወጣል። ስድስተኛው ላይ ስልኩ ከማማ ወደ ሳተላይት ሲሻገር ተጠቃሚው ሳይሰማው እንዲያልፍ ነው የሚፈለገው።

ቁልፍ
ደኅንነቱን ማንም አላነሳውም። በነሐሴ 2024 የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም ኒስት ኳንተም ኮምፒውተርን ይቋቋማሉ የተባሉትን የመጀመሪያ ሦስት ስታንዳርዶች አውጥቷል። በ2030 የሚተከል መሣሪያ ለብዙ ዓመት ይሠራል፤ ዛሬ የተጠለፈ መልእክት ነገ ሊፈታ ይችላል። ቁልፎቹና ፊርማዎቹ ከድሮዎቹ ይበልጥ ስለሚረዝሙ፣ ትንሽ ባትሪ ባለው ሴንሰር ላይ ምን ያህል ይከብዳሉ የሚለውም ለምርምር የሚሆን ነው።

ሞገድ ተማሪ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የማማ ላይ ጽሑፍ ልቤ ውስጥ ገብቷል። ቁጥር ያልተጻፈበት ቦታ ያልከው። ስለዚህ ወደ ጣቢያው እንቅልፍ አዘንብያለሁ። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ጣቢያው ጥልቅ እንቅልፍ ይተኛ፤ አነስተኛ ኃይል የሚበላ መስሚያ ብቻ ክፍት ይሁን፤ ስልኩ ኔትወርክ ሲፈልግ አጭር መቀስቀሻ ሲግናል ይላክ። ይህ ያዋጣል?

ማማ ላይ
ያዋጣል። ጥያቄዎቹን ግን ቀድመሽ አስቀምጪ። ጣቢያው ተኝቶ ምንም ካልላከ፣ ስልኩ ቀስቃሹን በየትኛው ፍሪኩዌንሲ መቼ እንደሚልክ ከማን ይማራል? ብዙ ሰው የሚያቀርበው ሌላ የነቃ ጣቢያ እንዲነግረው ነው። እሺ፣ ያ ጣቢያ የማይደርስበት ቦታስ? ሁለተኛው፣ አንድ ስልክ ሲቀሰቅስ ስንት ጣቢያ ይነሳል? ሦስቱ ከተነሱ ቁጠባው ተበላ። ሦስተኛው ደግሞ የማይታለፍ ነው። የአደጋ ጊዜ ጥሪ ሲሆን ጣቢያው እስኪነቃ የሚጠፋው ጊዜ ስንት እንዲሆን ትፈቅጃለሽ?

ጋሽ አንቴና
የተለመደው ስልክ የሚልከው ከ200 ሚሊዋት አይበልጥም፤ ይህን አትርሺ። መስሚያው ኃይል ለመቆጠብ ሲባል ጥራቱ ከወረደ፣ ከጣቢያው ሽፋን ጠርዝ ያለው ሰው ጮኾም አይሰማም። በሐሰት የመንቃትና ጥሪ ሳይሰሙ የማለፍን ዕድል በአንድ ግራፍ ላይ አውጪው። አማካሪሽ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው። ስሌቱን ስትጀምሪ መስሚያው ከዋናው ተቀባይ በ10 ዴሲቤል ይሰንፋል ብለሽ ያዢና ሽፋኑ ምን ያህል እንደሚሸሽ እዪ።

ሞገድ ተማሪ
እሺ ጋሼ፣ እሱን ዛሬውኑ እጀምራለሁ። ማማ ላይ፣ የትራፊክ ዳታ ምን ዓይነት ልፈልግ? ያገኘሁት በየሰዓቱ የተጠቃለለ ነው።

ማማ ላይ
የሰዓቱ አያዋጣሽም። በሰዓት ሲጠቃለል ጣቢያው ሥራ ላይ የዋለ ይመስላል፤ ወደ ውስጥ ስትገቢ ግን በሁለት ፓኬት መካከል አሥርና መቶ ሚሊ ሰከንድ ባዶ ታገኛለሽ። እንቅልፉ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው። የፓኬቶችን የመድረሻ ጊዜ የያዘ ዳታ ፈልጊ፤ የተጠቃሚ መለያ የሌለበት ይሁን። ካጣሽ ክፍተቶቹን በራስሽ ሞዴል አመንጪና ሞዴሉን እዚህ ለጥፊው፤ ከምናየው ጋር ይቀራረብ እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ቃልኪዳን
«የተጠቃሚ መለያ የሌለበት» ላልከው ምስጋናዬ ይድረስህ።

ሞገድ ተማሪ
ሞዴሉን ሠርቼ እለጥፋለሁ። መጀመሪያ የማወጣው ግራፍ በአግድም የእንቅልፉን ርዝመት፣ በቁም የጥሪውን መዘግየት የያዘ ይሆናል፤ አንዱ መስመር ለሌሊት፣ ሌላው ሰው ለሚበዛበት ሰዓት።